ቤታችን ውስጥ ያሉ ቀላል ግን ሕይወት አዳኝ ነገሮች፦ ከከሰል ምድጃው እስከ ስልካችን

 

ሰሞኑን በኢንቦክስ የምትልኩልኝ ጥያቄ መልኩን ቀይሯል። "ዶክተር፣ ይሄን ዕቃ ቲክቶክ ላይ አይቼው ነበር፣ ልግዛው?" "ዶክተር፣ ይሄ አፕ በጣት ብቻ ደም ግፊት ይለካል ይላሉ፣ እውነት ነው?" "ፍሪጅ ውስጥ ያለ ወጥ ስንት ቀን ይቆያል?" "ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ድመቴን ላባርራት?" ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ ዛሬ ሁሉንም አንድ ላይ ላውራችሁ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከምነግራችሁ ውስጥ አብዛኛው በብር የሚገዛ አይደለም፤ እቤታችሁ አለ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ አንድ ሌሊት የገጠመኝን ላጫውታችሁ። ባለታሪኮቹን አስፈቅጃቸዋለሁ፣ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

"ድመቷ እንኳ ተዘርራለች"

ክረምት ነው። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ አንዲት ወጣት እናትና አክስቷ ተደጋግፈው ገቡ። ሁለቱንም ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያዞራቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አስመልሳለች። ትኩሳት የለም፣ ተቅማጥ የለም። እራት የበሉት ከትናንት የተረፈ ሽሮ ነው። ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያዋን ሰካሁ፤ 98 ከመቶ አለች። እሰየው ነው። "ታክሲ ውስጥ እንኳ ትንሽ ሻል ብሎን ነበር" አለችኝ ልጅቷ። እኔም የምግብ መመረዝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማስታወክ የሚያስቆም መድኃኒትና ኦ.አር.ኤስ. ጻፍኩላቸውና ላሰናብታቸው ወረቀቱን ዘረጋሁ።

አክስቲቱ ወረቀቱን እየተቀበሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፣ "ዛሬ እንጃ እቤታችን ምን እንደገባ፤ ድመቷ እንኳ መቆም አቅቷት ተዘርራለች" አሉ።

"ድመቷም ከሽሮው በልታለች እንዴ?" አልኳቸው።

"ኧረ ዶክተርዬ፣ ድመት መች ሽሮ ትበላለች!"

ሰዎቹና ድመቷ አብረው የበሉት ነገር የለም ማለት ነው። ታዲያ የተጋሩት ምንድን ነው? አየሩን።

"ከሰል አቀጣጥላችሁ ነበር?"

"አዎ፣ ሕፃኑን እንዳይበርደው ብለን መኝታ ቤት አስገብተነው ነበር።"

"ሕፃኑ አሁን የት ነው?"

"እቤት፤ ከእናቴ ጋር ተኝቷል" አለች ልጅቷ። የተናገረችው ነገር የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

የእናቷ ስልክ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ባለቤቷ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው። እጇ እየተንቀጠቀጠ ስልኳ ውስጥ የጎረቤት ቁጥር ስትፈልግ አሁን ድረስ ይታየኛል። በመጨረሻ "ቆጣሪ" ብላ የመዘገበችው ቁጥር ተገኘ። የመብራት ሒሳብ አብረው የሚከፍሉት ጎረቤት ነው። ወዲያው አነሳ። በሩን ገፍቶ ገብቶ አያትየውንና የሁለት ወሩን ሕፃን ግቢ አወጣቸው። በራሱ መኪና ሲያደርሳቸው አያትየው ይዘባርቃሉ፣ ሕፃኑ እንደ ጨርቅ ዝሏል፣ ግን ይተነፍሳል። አራቱንም ኦክስጅን ላይ አደረግናቸው። ሲነጋጋ ሕፃኑ ጡት ጠየቀ። ያን ያህል ደስ ያለኝ የልጅ ለቅሶ የለም።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ለእነዚያ ሴቶች የማስታወክ መድኃኒት ሰጥቼ ወደዚያው ቤት ልመልሳቸው ነበር። ቤተሰቡን ያተረፉት አንዲት ድመትና "ቆጣሪ" የሚል የስልክ ቁጥር ናቸው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ የራሴን ቤት በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። የዛሬው ጽሑፍም ያየሁትን የማካፍልበት ነው።

1. ቤት፦ የከሰል ምድጃውና የበረኪናው ፕላስቲክ

ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ሥራው እንዲህ ነው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰውን ሄሞግሎቢን እንደ ሚኒባስ ታክሲ ቁጠሩት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ወንበሩን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል፣ ኦክስጅን ፌርማታ ላይ ይቀራል። ጣት ላይ የምትሰካው መለኪያ ደግሞ ወንበሩ መያዙን እንጂ ማን እንደተቀመጠበት አትለይም። 98 ያለችኝ ለዚህ ነው። እቤታችሁ ይህች መለኪያ ካለቻችሁ በከሰል ጉዳይ በፍጹም እንዳትተማመኑባት።

ሰው ሁሉ የሚነግረኝን ማጽናኛ አንድ በአንድ ልመልስ፦

👉 "ከሰሉ ከቀላ በኋላ ነው ያስገባሁት።" የጠፋው ጭሱ ነው። ፍም የሆነ ከሰል ያለ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን ይቀጥላል። እንዲያውም ጭስ ስለሌለው ይበልጥ ያታልላል።

👉 "አጠገቡ ውሃ አስቀምጫለሁ።" ይህ ጋዝ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ውሃው ምንም አይስብላችሁም።

👉 "መስኮቱን ገርበብ አድርጌዋለሁ።" ገርበብ ማለት ዋስትና አይደለም። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ፣ ክፍሉ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከሰሉ ምን ያህል እንደሆነ በዓይን መገመት አይቻልም።

👉 "ወተት ጠጥቻለሁ፣ ሎሚ አሽትቻለሁ።" ወተት ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፣ መርዙ ያለው ደም ውስጥ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት መጋት ደግሞ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሊገድለው ይችላል።

በዚህ ጋዝ ቶሎ የሚጎዱት በማህፀን ያለ ጽንስ፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ከሰል የሚገባው ማን ክፍል ነው? የአራስ ክፍል። ብርዱን የምንፈራላቸውን ለባሰ ነገር እያጋለጥናቸው ነው። ሕፃን የሚሞቀው ኮፍያና ካልሲ ተደርጎለት፣ ልብስ ተደራርቦለት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ሲታቀፍ ነው።

እነዚህን ምልክቶች በቃላችሁ ያዙ፦ እቤት ውስጥ ያሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጉልበት መክዳት ሲገጥማቸው፤ ትኩሳት ሳይኖር፤ ከቤት ሲወጡ ሻል ሲላቸው። የቤት እንስሳ ካላችሁ እሱንም እዩት። ትንንሽ እንስሳት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይወድቃሉ። እንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል የሚያወጡ ሠራተኞች ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይገቡ ነበር፤ ወፏ ከወደቀች ሮጠው ይወጣሉ። ይህ ልማድ በመሣሪያ የተተካው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው።

ምልክቱን ካያችሁ፦ መጀመሪያ ሰው አውጡ። ከሰሉን ላጥፋ፣ ልብስ ልልበስ አትበሉ። ከዚያ በርና መስኮት ክፈቱ፣ አምቡላንስ ጥሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ነው። "ተኝቼ ይለቀኛል" አይባልም። በተራ አየር መርዙ ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በንጹህ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። የተሻላቸው ሰዎችም መታየት አለባቸው፤ የመርሳትና የጠባይ ለውጥ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

"ታዲያ ቡና ላናፈላ ነው?" እንዳትሉኝ። ቡናውማ ይፈላል። በረንዳ ላይ፣ ካልሆነም በርና መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ይሁን። ቡናው ሲያልቅ ምድጃው ውጭ ይውጣ እንጂ "ቤቱን ያሙቅልን" ተብሎ አይደር። ጄኔሬተርም ያው ነው፤ ቤት ውስጥና ኮሪደር ላይ አይነሳም።

በዚህ ክፍል ገንዘብ አውጡ የምለው ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው፦ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደወል። በባትሪ የሚሠራ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሽ ሳጥን ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ "ምን ላምጣላችሁ?" ካላችሁ ከሽቶው በፊት ይህን እዘዙት። ደወሉ ግን ከሰል ይዞ ለመተኛት ፈቃድ አይሆንም።

ሁለተኛው የቤት ጉዳይ በረኪናና ላምባ ነው። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ገልብጠን ሽንት ቤት ጥግ ወይም ከአልጋ ሥር እናስቀምጣለን። የሦስት ዓመት ልጅ ግን የሚያየው ውሃ ነው። በዚህ ምክንያት የመጡ ልጆችን ቁጥር ረስቼዋለሁ። በረኪና በራሱ ዕቃ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ልጁ ከጠጣ እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል፣ ላምባ ከሆነ ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። አፉን አጥባችሁ፣ ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋርም አትቀላቅሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

2. ምግብ፦ ትልቁ ድስት፣ ሳንቲሙና ቀኑ

የበዓል ዶሮ ወጥ በትልቅ ድስት ይሠራል፣ ጠዋትና ማታ እየሞቀ ይበላል። "ካሞቅነው ጀርሙ ይሞታል" እንላለን። ጀርሙ ይሞት ይሆናል። አንዳንዶቹ ጀርሞች ግን ቀድመው የሚተፉት መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ለጀርም የሚመቸው ሙቀት ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ መሐል ላይ ነው ያለው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወጡ ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ትልቁ ድስት እንዳለ ከገባ ግን መሐሉ ለሰዓታት ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ በትንንሽና ጠፍጣፋ ሳህኖች አከፋፍላችሁ አስገቡት። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በላይ የምታቆዩት ፍሪዘር ይግባ። ሲሞቅ ለምትበሉት ያህል ብቻ ቀንሳችሁ፣ እስኪፍለቀለቅ አሙቁት።

መብራት ሲጠፋስ? ፍሪጁን አትክፈቱት። ካልተከፈተ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ ደግሞ 24 ሰዓት ይቆያል። ግን እኮ እኛ ሥራ ውለን ስንመለስ መብራቱ ስንት ሰዓት ጠፍቶ እንደነበር በምን እናውቃለን? የምወዳት ብልሃት ይቺ ናት፦ አንድ ስኒ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስገብታችሁ በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጡ። ክፍለ ሀገር ደርሳችሁ ስትመለሱ ሳንቲሙ ላይ ላዩን ካለ ፍሪዘሩ አልቀለጠም። ሥር ወርዶ በበረዶ ከተቀበረ ግን እናንተ ሳትኖሩ ሁሉም ቀልጦ እንደገና ረግቷል። ያን ሥጋ አትብሉት፣ ብታጥቡትም አይመለስም።

የሻገተ እንጀራ ላይ ነጩን ብቻ ቆርጦ መጣልም አይሠራም። እንጀራ ዓይን አለው፣ ለስላሳ ነው፣ የሻጋታው ሥር ከምታዩት አልፎ ይሄዳል። የሻገተ ለውዝና በቆሎ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ መርዝ በተለመደው ማብሰልና መቁላት አይጠፋም።

አሁን ደግሞ እኛን ብቻ የሚያጋጥመን ስህተት። የራሴ እናት ለልጅ ልጇ የሳል ሽሮፕ ልትሰጥ ስትል ደረስኩ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት 2024 ነው። "ገና ነው ልጄ፣ እኛ 2018 ላይ ነን፤ ስድስት ዓመት አለው" አለችኝ። መድኃኒቱ ግን ጊዜው አልፎበት ከርሟል። በመድኃኒትና በታሸገ ምግብ ላይ የሚታተመው ቀን አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የእኛ ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በ7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ደግሞ በ8 ዓመት ያንሳል። ማስላቱ ከከበዳችሁ ስልካችሁ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ከጠርሙሱ ጋር አስተያዩ። ለወላጆቻችሁም መድኃኒቱ ላይ በእስክርቢቶ በእኛ ወርና ዓመት ጻፉላቸው። እኔ የእናቴን ሳጥን እንዲህ አድርጌ ስጨርስ ግማሹ ወደ ቆሻሻ ሄደ።

3. ድመትና ውሻ፦ ሳሙናው የት ነው?

ለነፍሰ ጡሯ እህቴ፦ ድመትሽን አታባሪያት። የምትፈሪው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ነው። ከታመመች ድመት ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ሆኖም ሰው ላይ ለመተላለፍ ከ1 እስከ 5 ቀን ውጭ መቆየት አለበት። ስለዚህ የምትጸዳዳበት አሸዋ በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ያንንም ሌላ ሰው ይሥራልሽ፤ ሰው ከሌለ ጓንት አድርጊና እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ይህ ጥገኛ ግን በጥሬ ሥጋና በደንብ ባልታጠበ አትክልትም ይመጣል። ድመቷን አባርረሽ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ከቀጠልሽ ምን ተረፈ? እስክትወልጂ ድረስ ሥጋው በደንብ ይብሰል።

ወደ ውሻ እንምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይጀምር ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። በዚህ ደረጃ ሞትና ሕይወት በጥቂት ቀናት የሚለያዩበት በሽታ ብዙ አላውቅም። በዓለም ላይ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶው በውሻ ነው። ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ክትባት በውሻ ለተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ የሰጠው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1885 ነው፤ ልጁ ተረፈ። ይህ ከሆነ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ልጅ በዚህ በሽታ መሞት አልነበረበትም።

ውሻ ወይም ድመት ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፦

👉 ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ቫይረሱ የቅባት ሽፋን አለው፣ ሳሙና ያንን ያፈርሰዋል። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉ።

👉 ቡና፣ አመድ፣ ቅጠል አታድርጉበት። አጥብቃችሁም አትሰሩት።

👉 በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ሐኪሙ ክትባት ከጀመረላችሁ ቀጠሮውን እስከ መጨረሻው ጨርሱ። "ቁስሉ ድኗል" ብሎ ማቋረጥ የለም፤ ቫይረሱ ቁስሉ ከዳነ በኋላም በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ሊጓዝ ይችላል።

👉 ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ክትባቱን ግን ወስዳችሁ ሂዱ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

👉 ውሻው ባለቤት ካለው አትግደሉት። ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ሕክምናውን እንደገና ያየዋል።

ልጆቻችሁን ደግሞ "ውሻ ከነከሰህ አልቆጣህም፣ ንገረኝ" በሏቸው። በውሻ ከሚነከሱት መካከል ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፤ ልጅ ደግሞ ግርፋት ፈርቶ ይደብቃል። የራሳችሁን ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡት፣ ከዚያም በየዓመቱ። ለአንድ ዓመት አጥንት ስታመጡለት ከምታወጡት ጋር ሲተያይ የክትባቱ ዋጋ ምንም አይደለም።

4. ስልካችን፦ የሚዋሸው አፕና የማይዋሸው ደወል

በዋሸው ልጀምር። በ50ዎቹ ዕድሜ ያለ ታካሚዬ የግፊት መድኃኒቱን ለወራት አቋርጦ ቆየ። ጣቱን የስልኩ ካሜራ ላይ ሲያስቀምጥ አንድ አፕ ሁልጊዜ "120 በ80" ይለዋል። ሲመጣ ግራ እጁ አይታዘዘውም፣ አፉ ተጣሟል። በእኛ መለኪያ የላይኛው ቁጥር 210 ነበር። ዛሬ በከዘራ ይሄዳል።

የስልክ ካሜራ የልብ ምትን መቁጠር ይችላል፤ ደም ወደ ጣት ሲመጣና ሲሄድ የብርሃኑን ለውጥ ያያል። ግፊትን ግን አያይም። አሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት በጊዜው እጅግ ተወዳጅ የነበረ አንድ የግፊት አፕ ከፍተኛ ግፊት ካለባቸው 5 ሰዎች ወደ 4ቱን "ደህና ናችሁ" ብሎ እንዳለፋቸው አሳይተዋል። ግፊት የሚለካው ክንድ ላይ በሚታሰር መለኪያ ነው። ከመለካታችሁ በፊት 30 ደቂቃ ቡና አትጠጡ፣ ሽንታችሁን ሽኑ፣ 5 ደቂቃ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ እግራችሁ መሬት ይርገጥ፣ ክንዳችሁ በልብ ትክክል ይሁን። ሁለት ጊዜ ለኩና ስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ከነቀኑ ጻፉት። ያ ማስታወሻ ለእኔ ከየትኛውም አፕ ይበልጥብኛል።

አሁን የሚጠቅሙትን፦

የድንገተኛ ጊዜ መረጃ። ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል፣ ግን ተቆልፏል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ "ሴፍቲ ኤንድ ኢመርጀንሲ" የሚል ቦታ አለ፤ አይፎን ላይ ደግሞ "ሄልዝ" አፕ ውስጥ "ሜዲካል አይዲ" ይባላል። ስማችሁን፣ ያለባችሁን በሽታ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ የማይስማማችሁን መድኃኒትና የሚጠራውን ሰው ቁጥር ሙሉ። ተቆልፎ እያለም እንዲታይ ፍቀዱለት። ስኳር ያለበት ሰው ራሱን ስቶ ሲመጣ "ኢንሱሊን ይወስዳል" የሚል አንድ መስመር ስንት ደቂቃ እንደሚያተርፍልን ብታውቁ ዛሬውኑ ትሞሉት ነበር።

የመድኃኒት ደወል። ስልኩ ላይ ያለው ደወል ይበቃል፣ ሌላ አፕ አያስፈልግም። ነገር ግን ሰዓቱን ተጠንቀቁ። አንድ አባት "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" ያልኩትን ስልካቸው ላይ 2፡00 ብለው ሞሉት። ደወሉ ሌሊት 8 ሰዓት ሲጮህ ቤተሰቡ ተማረረና አጠፉት፤ መድኃኒቱም አብሮ ጠፋ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ 6 ደምሩ፤ ጠዋት 2 ሰዓት 8፡00 ነው። በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ጠዋትና ማታ 1 ሰዓት ላይ ከሆነ 7፡00 እና 19፡00 ሙሉ።

ካሜራው። "ነጭ ክኒን ነው፣ ትንሽ ናት" ከምትሉኝ የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ የላብራቶሪ ውጤታችሁንና የሐኪም ማዘዣችሁን ፎቶ አንሱ። "ጤና" የሚል አልበም ክፈቱለት።

የጎረቤት ቁጥር። ይህን ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ነው። ስልካችን ውስጥ ስንት መቶ ሰው አለ? ከእነሱ ውስጥ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ በሁለት ደቂቃ በራችሁ ላይ የሚቆመው ማን ነው? ዱባይ ያለችው እህታችሁ አይደለችም። ዋሽንግተን ያለው ወንድማችሁም አይደለም። ግድግዳ የሚጋራችሁ ሰው ነው። በኮንዶሚኒየም ኑሮ ለዓመታት ስሙን ሳንጠይቅ "ደህና ዋላችሁ" ብለን የምናልፈው ሰው።

የዛሬ ማታ የቤት ሥራ

ሁሉንም በአንድ ቀን አትችሉትም። ዛሬ ማታ አምስቱን ብቻ አድርጉ፦

✅ ከሰሉን ከመኝታ በፊት አውጡ።
✅ በረኪናውን ከውሃ ፕላስቲክ ወደ ራሱ ዕቃ መልሱ፣ ከፍ አድርጉ።
✅ ፍሪዘር ውስጥ የሳንቲሟን ስኒ አስገቡ።
✅ የውሻችሁ ክትባት መቼ እንደሆነ ካርዱን እዩ።
✅ የአንድ ጎረቤት ቁጥር ተቀበሉ፣ የእናንተንም ስጡ።

ያቺ እናት አሁንም ለክትትል ትመጣለች። ልጇ የጠረጴዛዬን መሳቢያ ሁሉ እየከፈተ ያስቸግረኛል። ባለፈው ስልኳን አሳየችኝ፤ "ቆጣሪ" የሚለውን አጥፍታ በጎረቤቷ ሙሉ ስም መዝግባዋለች። ድመቷም ደህና ናት፣ ሁለት ግልገል ወልዳለች።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፣ ሐኪማችሁን አይተካም። ምልክት ያለበት ሰው ካለ ኢንቦክስ እስክመልስ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂዱ። ማንበብ ለማይችሉ ወይም ስልክ ለሌላቸው እናቶችና አያቶች፣ በተለይ አራስ ላለበት ቤት፣ የከሰሉን ክፍል ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። እናንተ እቤት ያገኛችሁት ጠቃሚ ብልሃት ካለ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይተን ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

ጤና ይብዛላችሁ!